ታሚል ናዱ ገጠር ወዳለ ትንሽ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ተጋብዣለሁ፣ ምን ልወቅ?

ቦሌ_ሚካኤል
ሰላም ለሁላችሁም። ያለሁት ሕንድ፣ ቼናይ ነው። ታላቅ ወንድሜን እያሳከምኩ ነው። ሕክምናው ስለረዘመ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለምዶናል፣ ባለ ሻይ ቤቱም ሳይቀር። ሁልጊዜ የሚያመላልሰን ባለ ባጃጅ አለ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህል ጨዋ ሰውዬ። ዓርብ የመንደሬ በዓል ነው፣ አብረን ካልሄድን ብሎ ሙጭጭ ብሏል። የማሪያማን ቤተ መቅደስ ነው አለኝ።
ማማላፑራም ሄጄ ባሕሩ ዳር ያለውን የድንጋይ መቅደስ አይቻለሁ። እሱ ግን ትኬት የሚቆረጥበት፣ ዘበኛ የቆመበት የጎብኚ ቦታ ነው። ይኼኛው የገበሬ መንደር ነው፣ ጎብኚ የሚባል ነገር የማያውቅ። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የማምለክ ሐሳብ የለኝም። ሰውየውንም ማስቀየም አልፈልግም። ምን ልልበስ? እስከ የት ልግባ? የሚበላ ነገር ቢሰጡኝስ?

ቪዛግ_ምሩቅ
ወንድምህን እግዚአብሔር ይማርልህ። አንድራ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ከዚያ ቼናይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የማውቀውን ልበልህ።
አሁን ያላችሁበት አዲ የሚባለው የታሚሎች ወር ነው፣ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ፣ በኛ ከሐምሌ 10 እስከ ነሐሴ 10 ገደማ ማለት ነው። ለማሪያማንና ለመሰሎቿ የመንደር አማልክት ትልቁ ወር ነው፣ ዓርብና እሑዱ ደግሞ ይብሳል። ማሪያማን የዝናብ እና የፈንጣጣ አምላክ ናት፣ ስሟ ከማርያም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የኒም ቅጠል በየቦታው ተንጠልጥሎ ታያለህ፣ ድሮ ፈንጣጣ፣ አሁን ደግሞ ጉድፍ የያዘው ሰው ቤት ደጃፍ ላይም ይሰቅሉታል። ግቢው ውስጥ መሬት ላይ የተተከሉ ባለ ሦስት ጣት ጦሮች አሉ፣ ጫፋቸው ላይ ሎሚ የተሰካባቸው። እነሱን አትንካ። እንደ ጌጥ ይመስላሉ፣ ለእነሱ ግን አምላኳ ራሷ እንዳለችበት ነው።
ልብስ ቀላል ነው። ረጅም ሱሪ፣ ንጹሕ ሸሚዝ። ቁምጣ አይሆንም፣ ኮፍያም ታወልቃለህ። ጫማ ከበር ውጭ ነው፣ ይህን ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም፣ ቧንቧ ካለ ግን እግርህን ታጠብ። የቆዳ ቀበቶ የማይወዱ ቦታዎች ስላሉ ቤት ተወው። ሰውየው ነጩን ሽርጥ፣ ቬሽቲ የሚሉትን ላልብስህ ካለ ደስ ብሎህ ልበስ፣ እሱ ልብስ ነው።
እስከ የት ልግባ ላልከው ግን ረጋ ብለህ ስማኝ። ትልልቆቹ ቤተ መቅደሶች ፊት ለፊት ኮዲማራም የሚባል የባንዲራ ምሰሶ አላቸው። በጃንዋሪ 2024 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የማዱራይ ችሎት፣ ስለ ፓላኒው የሙሩጋን ቤተ መቅደስ በቀረበ ክስ፣ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ከዚህ ምሰሶ አይለፍ የሚል ሰሌዳ ይሰቀል ብሎ ወስኗል። በአምላኩ አምናለሁ ብሎ የሚፈርም ከሆነ መግባት ይችላል። የመንደሩ መቅደስ ምሰሶ ላይኖረው ይችላል፣ ሰሌዳም አይኖረውም፣ የሚጠይቅህ ሰውም የለም። ሰሌዳ አለመኖሩን እንደ ፈቃድ አትቁጠረው። ከመድረሳችሁ በፊት ሰውየውን «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የት ጋ ብቆም ደስ ይላችኋል?» በለው። እሱ ካህኑን ይጠይቅልሃል። ከዚያ በኋላ ና ግባ ቢሉህም ባይሉህም ነገሩ ያለቀለት ነው፣ በር ላይ ስትወዛገቡ ማንም አያይም።
የውስጠኛው ክፍል፣ ጣዖቷ ያለችበት፣ የካህኑ ብቻ ነው። መቅደስና ቅኔ ማሕሌት ለይቶ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይሆንም። ዙሪያውን ከሄድክ መቅደሱ ሁልጊዜ በቀኝህ ይሁን። ፊት ለፊቷ የአንበሳ ሐውልት ካለ በሁለቱ መሀል አትቁም፣ የሚያያትን ሰው እንደ መጋረድ ነው። ደፉን በእግርህ አትርገጠው፣ ተሻገረው። ስትቀመጥ እግርህን ወደ መቅደሱ አትዘርጋ።

የሰንበት_ተማሪ
ወንድሜ፣ እንደ ታናሽህ ልናገርህ። የሰው ባህል አክብሮ መሄድ አንድ ነገር ነው፣ ጣዖት ቤት ገብቶ ግንባር ላይ መቀባት ሌላ። ገና ሳትሄድ ድንበርህን ወስን። ካህኑ በሳህን ላይ እሳት ይዞ ይወጣል፣ ሰዉ እጁን እሳቱ ላይ አሳልፎ ዓይኑን ይነካል። ከዚያ አመድ ወይም ቀይ ዱቄት ይሰጣል። ያ አምልኮ ነው። እዚያ ሰልፍ ውስጥ አትግባ። ባህሉን ለማክበር ብለህ ያላመንክበትን ብታደርግ እነሱንም አላከበርካቸውም፣ ለእነሱ ትያትር አይደለም።

ቪዛግ_ምሩቅ
@የሰንበት_ተማሪ በዚህ እስማማለሁ። ሰልፉ ሲፈጠር ወደ ኋላ ሁለት ሦስት እርምጃ መሄድ ብቻ ነው። እዚያ የሚቆሙ ሌሎችም አሉ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሂንዱ ራሱ አይጠጋም። እጅን ደረት ላይ ገጥሞ ጎንበስ ማለት የሰላምታ ጉዳይ ነው፣ ለሻይ ሻጩም የምታደርገው ነው።
የማልወደው ተቀብሎ መጣል ነው። አመዱን ተቀብለው ሱሪያቸው ላይ የሚጠርጉ፣ ወይም ምሰሶ ላይ የሚያራግፉ ጎብኚዎች አይቻለሁ፣ እሱ ነው ሰው የሚያስቀይመው። አልፈልግም ካልክ ገና እጁ ወደ አንተ ሳይመጣ። ከተቀበልክ ደግሞ በቀኝ እጅ፣ ወረቀት ላይ ጠቅልለህ ለጓደኛህ ስጠው።

አቡ_ሪያን
ሰላም ወንድሞች። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ዱባይ ከሕንዶች ጋር ነው የምሠራው። እዚህ ጀበል ዓሊ በ2022 የተከፈተው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ሁሉም ነገር የተጻፈበት፣ ሠራተኛ ቆሞ የሚመራህ ቦታ ነው። መንደር ላይ ያ ሁሉ የለም። ለኔ የሠራልኝ ቀድሞ መናገር ነው። የሥራ ባልደረባዬ ቤታቸው ሲጋብዘኝ ጣፋጩ ከመቅደስ የመጣ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፣ ከሆነ «ይቅርታ፣ ለኔ አይሆንም» እላለሁ። አንድ ቀን ቅር ብሎት አያውቅም። እንዲያውም አሁን ራሱ ለይቶ ነው የሚያስቀምጥልኝ። ፊትህን አጨማደህ እምቢ ስትል ነው ሰው የሚከፋው።

ደብረ_ማርቆስ_ሰው
የሚበላው ምንድን ነው ግን? ገንፎ ነገር ይሰጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ቪዛግ_ምሩቅ
በአዲ ወር ኩዝ ነው። በትልቅ ድስት ቀጠን አድርገው የሚያበስሉት የዳጉሳ አጥሚት በለው፣ ለመጣው ሁሉ እየቀዱ ያድላሉ። ከጥሬ ሽንኩርት፣ ከደረቅ ቃሪያ፣ አንዳንዴም ከደረቅ ዓሣ ጋር ነው የሚበላው።

ደብረ_ማርቆስ_ሰው
ዳጉሳ!! የኛው ዳጉሳ?

ቪዛግ_ምሩቅ
የኛው። እንዲያውም ዳጉሳ መጀመሪያ የለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎች ነው፣ ሕንድ የደረሰው ከዚህ ተነሥቶ ነው። እነሱ ራጊ፣ ታሚሎቹ ኬልቫራጉ ይሉታል። ለሰውየው ብትነግረው ደስ ይለዋል። ባያምንህም።

የሰንበት_ተማሪ
ልብ በል፣ ኩዙ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አሬራ ይጨመርበታል። ዓርብ ነው የምትሄደው። ነሐሴ ከገባ ደግሞ ፍልሰታ ነው።

ሰብለ_ኮታያም
ዲያቆናችን @የሰንበት_ተማሪ እዚህ ላይ አስፈላጊ ነገር አነሣ። «ጾም ላይ ነኝ» ማለት እዚያ አገር ከምንም በላይ የሚገባቸው ቋንቋ ነው። ራሳቸው ቪራዳም ብለው ይጾማሉ፣ ለማሪያማን እሳት ላይ የሚራመደው ሰውዬ ራሱ ከበዓሉ በፊት ሥጋ ሳይቀምስ ነው የሚሰነብተው። ጾም ያለ ሰው ላይ ብላ ብሎ የሚጫን አላየሁም። ግን እውነት ስትጾም ብቻ ነው እንጂ፣ ጾም ነኝ ብለህ ማታ ከሰውየው ጋር ዶሮ ብትበላ ያምርብሃል?
እኔ የተማርኩት ኬረላ ነው፣ ኮታያም። የማላንካራ ኦርቶዶክሶች አገር ነው፣ ከኛ ጋር በ1965 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የኦሬንታል ኦርቶዶክስ ጉባኤ አብረው የተቀመጡ። የነሱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም የባንዲራ ምሰሶ አለ፣ እንደ ሂንዱዎቹ፣ መጀመሪያ ሳየው ደነገጥኩ። እዚያ ያሉ ክርስቲያኖች ከሂንዱ ጎረቤት ጋር ለዘመናት ሲኖሩ ልኩን አውቀውታል። በዓሉን ደጅ ሆነው ያያሉ፣ ምሳውን ቤት ይበላሉ፣ ውስጥ አይገቡም።
ኬረላ ከታሚል ናዱ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ቤተ መቅደሶች ሂንዱ ያልሆነን ጨርሶ አያስገቡም፣ ወንዶች ሸሚዝ አውልቀው በሽርጥ ብቻ ነው የሚገቡት። ስለዚህ እዚያ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ሰሜን ኬረላ፣ ካኑር አካባቢ ያለውን ቴያም ነው፣ ያጌጠ ሰው አምላኩን ሆኖ የሚጨፍርበትን ሥርዓት። በትንንሽ የመንደር ማምለኪያዎች ግቢ፣ ገላጣ ላይ ነው የሚካሄደው፣ ከጥቅምት ኅዳር ጀምሮ እስከ ግንቦት ገደማ። የውጭ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል። ፍላሽ አታብሩ እንጂ፣ ሰውየው በዚያ ሰዓት አምላክ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው።

ቦሌ_ሚካኤል
በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ሁሉ ሰው አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ዓርብ ስለሆነ በጾም ነው የምሄደው፣ ያ ተመቸኝ። ግን ምሳ ቤቴ ነው ብሎኛል። ሚስቱ ከማለዳ ጀምራ ልታበስል ነው። እሱስ?

የሰንበት_ተማሪ
ቤቱ ያለው ሌላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥27–28 ላይ ይህንኑ ነው ያነሣው። ያላመነ ሰው ቢጠራህ የቀረበልህን ሳትመረምር ብላ ይላል፣ ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ያለህ እንደሆነ ግን አትብላ። ሩዝና ምስር፣ ያለ ቅቤና ያለ እርጎ በል። ታሚሎች የጾም ምግብ ማብሰል ከኛ አያንሱም።

ቪዛግ_ምሩቅ
አንድ የማይጠበቅ ነገር ልጨምር። ሂንዱ ሁሉ ሥጋ አይበላም ብለህ ከሆነ፣ የመንደር አማን፣ እንደ ማሪያማን ያለች እናት አምላክ ማለት ነው፣ በዓል ላይ በግና ዶሮ ሊታረድ ይችላል። ታሚል ናዱ በ1950 የወጣ የእንስሳት መሥዋዕት መከልከያ ሕግ ነበራት፣ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ በ2003 እናስፈጽመው ሲባል መንደሩ ሁሉ ተነሣ፣ በ2004 ሻሩት። ስለዚህ ደም ብታይ አትደንግጥ፣ ስልክህንም አታውጣ።

ፑኔ_ማርታ
ሁሉም ስለ ጫማና ስለ ምግብ አወራ፣ ዋናውን ማንም አላነሣም፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።
የሕንድ ሕገ መንግሥት አለመነካካትን፣ በዘሩ ዝቅ ተደርጎ የሚታይን ሰው አትንኩት አታስጠጉት የሚለውን ልማድ፣ ከ1950 ጀምሮ ከልክሏል። ቤተ መቅደስን ለሁሉም መክፈት ደግሞ ከዚያም የቆየ ነው፣ የትራቫንኮሩ ንጉሥ በ1936 አውጇል፣ ማድራስም በ1939 እና በ1947 ሕግ አውጥታለች። መንደር ላይ ግን አሁንም ድረስ የሚያጋድል ጉዳይ ነው። ቲሩቫናማላይ ውስጥ ቴንሙዲያኑር የሚባል መንደር፣ ዳሊቶች፣ እነዚያው «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት፣ ወደ ማሪያማን መቅደስ የገቡት ገና በጃንዋሪ 2023 ነው፣ ያውም በፖሊስ ታጅበው። ያው ዓመት ጁን ላይ ቪሉፑራም ውስጥ ሜልፓቲ መንደር ያለውን የድራውፓዲ አማን መቅደስ ባለሥልጣናቱ አሸጉት፣ ዳሊት ይግባ አይግባ በሚል ጠብ። ሁለቱም ከቼናይ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞሉም።
ይህን የምለው ለምንድን ነው? ብዙ መንደር ውስጥ ሁለት ሰፈር አለ፣ ለየሰፈሩም የራሱ መቅደስ። ሰውየው ከየትኛው እንደሆነ አታውቅም፣ አትጠይቀውም። ዘር መጠየቅ ነውር ነው። ያማረውን፣ በቀለም ያሸበረቀውን መቅደስ አልፎ ወደ ትንሿ የቆርቆሮ ጣራ ወዳላት ቢወስድህ «ያኛውንስ ለምን አናየውም?» እንዳትል። ምናልባት እድሜ ልኩን ያልገባበት ቦታ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አንተን እንግዳ ነው፣ ከውጭ የመጣ ነው ብለው በክብር አስገብተው እሱን ደጅ ላይ ቢያስቀሩት ነው። እሱ ካልገባበት አንተም አትግባ። ምክንያት መደርደርም አያስፈልግህም፣ አጠገቡ ቁም በቃ።

ቦሌ_ሚካኤል
@ፑኔ_ማርታ ይሄ በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ዓይኔን ነው የከፈትሽው።

ቪዛግ_ምሩቅ
@ፑኔ_ማርታ ትክክል ነሽ። እኔም መጀመሪያ ማንሣት የነበረብኝ እሱን ነበር።

ሕሊና_ባንጋሎር
ሴቶች ለምታነቡ፦ ነጠላ ውሰዱ። ትከሻና ደረት ለመሸፈን ከሱ የሚሻል የለም፣ ሴቶቹም መጥተው ጨርቁን ዳብሰው ይጠይቋችኋል፣ ወሬ ይጀመራል። ፀጉር መሸፈን ግዴታ አይደለም፣ ከሲኮቹ ቤት ጋር የሚያምታቱ አሉ። የወር አበባ ላይ ከሆናችሁ እነሱም እንደኛው ናቸው፣ ግቢ አይገቡም። ማንም አይጠይቃችሁም፣ ማወቁ ግን የእናንተ ነው። ጃስሚን ፀጉራችሁ ላይ ሊሰኩላችሁ ይፈልጋሉ፣ እሱ ጌጥ ነው፣ ተቀበሉ። ለመቅደስ የተገዛ አበባ ግን አታሽትቱ፣ ያሸተቱት አበባ አይቀርብም።

ካሜራው
ፎቶስ? እኔ ብሆን ካሜራዬን ሳልይዝ አልሄድም።

ቪዛግ_ምሩቅ
ያዝ፣ ግን ከግቢ ውጭ። በዲሴምበር 2022 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታሚል ናዱ ቤተ መቅደሶች ውስጥ ሞባይል እንዲከለከል አዟል። ትልልቆቹ ማስቀመጫ ሣጥን አላቸው፣ ትንሿ የላትም፣ መንደርተኛውም ራሱ ስልኩን ይዞ ታየዋለህ። ቢሆንም ዋናዋን ጣዖት አታንሣ፣ ማንም ቢያነሣ። ሰው ለማንሣት ጠይቅ። የኮላሙን፣ ደጃፍ ላይ በሩዝ ዱቄት የሚሥሉትን ጌጥ፣ አንሣው፣ አትርገጠው እንጂ።

ካሜራው
ሰዉ ራሱ እያነሣ እኔ የማላነሣው ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አቡ_ሪያን
እሱ የራሱ ቤት ነዋ።

ደብረ_ማርቆስ_ሰው
ገንዘብ ይሰጣል ወይ? ባዶ እጅ መሄድ ይከብዳል።

ቪዛግ_ምሩቅ
ሁለት ቦታ አለ። ሁንዲ የሚባለው የተቆለፈ ሣጥን የመቅደሱ ነው። የካህኑ ሳህን ላይ የሚቀመጠው ግን የካህኑ ነው፣ ትንሽ መቅደስ ላይ ኑሮው ያ ነው። የመንደር አማን ካህን ብዙ ጊዜ ብራህሚን፣ ከካህናቱ ዘር ማለት ነው፣ እንኳ አይደለም፣ ሌላ ቀን ሸክላ ሲሠራ ወይም ሲያርስ የሚውል ሰው ነው። 50 ሩፒ ይበቃል፣ በቀኝ እጅ። 500 አውጥተህ ሰውየውን አታሳፍረው።

የሰንበት_ተማሪ
ሳህኑ ለአምልኮ የቀረበ ነው። ለምግቡ ማዋጫ ካለ እዚያ ቢሰጥ ይሻላል።

ቪዛግ_ምሩቅ
እሱም አለ። በአዲ ወር ወጣቶቹ ደብተር ይዘው ለኩዝ ያዋጣሉ፣ ስምህን ጽፈው ማይክራፎን ላይ ያነቡታል። ከኢትዮጵያ ብለው እንዳይጮኹብህ ብቻ።

ቦሌ_ሚካኤል
ሃሃ፣ እሱ አይቀርም። ዛሬ ማታ ከሰውየው ጋር አወራሁ። ክርስቲያን ነኝ፣ የት ልቁም ስለው ሳቀ፣ «ከኔ ጋር» አለኝ። ኒሙ ዛፍ ሥር ነው የምንቀመጠው፣ እሳቱን ከዚያ ሆነህ ታየዋለህ አለ። አሬራም ሳይጨመርበት በፊት ይቀዱልሃል አለኝ፣ ይህን ግን ልቀበል አልቀበል እያሰብኩበት ነው። ሙቀቱስ? ስንት ሰዓት ብንነሣ ይሻላል?

የሰንበት_ተማሪ
ከመቅደሱ ድስት ከሆነ ይቅርብህ። ቤቱ ብላ።

ሰብለ_ኮታያም
ኩዙን ከማደላቸው በፊት ለአምላኳ አቅርበው ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ዲያቆን ያለው ይመለከትሃል። ውሳኔው ግን ያንተ ነው፣ ሰውየውም አስቀድሞ ስለሚያውቅ አይከፋም።

ቪዛግ_ምሩቅ
በማለዳ ተነሱ፣ በኛ 12 ሰዓት። መቅደሱ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፣ እስከ 10 ሰዓት ገደማ አይከፈትም፣ በዓል ቀን ግን ያዘገዩታል። ድንጋዩ ከ5 ሰዓት በኋላ እግር ያቃጥላል፣ ካልሲ ያዝ፣ ካልሲ ብዙ ጊዜ አይከለከልም። ለልጆቹ ብስኩትና ፖም ግዛ፣ ኮኮናትና ሙዝ ግን አትግዛ፣ ለመቅደስ የመጣ ይመስላቸውና ወስደው ይሰብሩታል። ለወንድምህ የሚቆይለት ሰው አግኝተሃል?

ቦሌ_ሚካኤል
የሆስፒታሉ ሰፈር ያሉ ሐበሾች አሉ፣ አንዲት እህት እቆያለሁ ብላለች። ፖሙን ነገ እገዛለሁ።